የቅዳሜ ሙቀት

ባሕር ዳር፣ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለወንጌላዊት ይድረስ፣

የመስቀሉ በረከት ካለሽበት ድረስ ይዝለቅልሽ። እኔ አምላክ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። እናትሽን፣ የአክስቴን ልጅ ሀኒን፣ በደመራው ዕለት አገኘኋት፤ ወገቧ ተሽሏታል። «ያች ልጅ የፊንላንድን ብርድ ለመደችው፣ እኔን ግን ረሳችኝ» ትላለች። የሰማሁትን ነው የጻፍሁልሽ፤ አስታራቂ አይደለሁም።

በወረቀት የምጽፍልሽ ስልክ ጠልቼ አይደለም። ስትደውዪ አንደበቴ ይተሳሰራል፤ የምለው የሚመጣልኝ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። የስድስተኛ ክፍል ጽሕፈት ቢሆንም እጄ ከአፌ ይሻላል። የብራና መጻሕፍት ማኅበራችን ጸሐፊ ሰብለ ወንጌል ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች፤ ያንቺንም አትማ ትሰጠኛለች። ኢንተርኔት ሲኖር ነው እንግዲህ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ያዘዝሽው ማንቂያ እኔ በምጠብቀው የማኅበሩ ቢሮ ተተከለ። ኮምፒውተር ጠጋኙ፣ ደሞዝ የሚሉት ያ የይፋግ ልጅ፣ ሰኞ መጥቶ የገዳሙ ብራናዎች ፎቶ ከተከማቸበት፣ ሰርቨር ከሚሉት ማሽን ጎን ሲም ካርድ የጎረሰች ትንሽ ሣጥን ገጠመ።

«ይኸስ ምን ይሠራል?» አልሁት።

«ሰርቨሩ ሲያመው ይጣራል፣ ጋሽ ገብሬ።»

«በምን አፉ?»

«በሜሴጅ። መብራት ሲሄድበት፣ ሲሞቀው፣ ሆዱ ሲሞላ። ለእርስዎም ለእኔም፣ ኋላ ደግሞ ፊንላንድ ላለችው።»

«እኔ ሐኪም ነኝ እንዴ?»

«አስታማሚ ነዎት።»

ቀልዱን ነው። ቃሉ ግን ወግቶኝ እስካሁን አልወጣልኝም። ባለቤቴ እናትዓለም ካረፈች ሦስት ዓመት ሊሆን ነው፤ በማስታመም እንዳልተመሰገንሁ እኔና አምላኬ እናውቃለን።

ደግሞ ጫማዬን በር ላይ ሳወልቅ አይቶ ሳቀብኝ። «ኮምፒውተር እኮ ነው፤ ካልሲዎ ነው ክፍሉን የሚያሞቀው» አለኝ።

«ውስጡ የደሴቲቱ ገዳም ሁለት መቶ ዐሥራ አራት መጽሐፍ አለ አላልኸኝም?»

«ፎቶው ነው ያለው።»

«የእመቤታችን ሥዕልስ ፎቶ ቢሆን ትረግጠዋለህ?»

እንዲህ እየተባባልን እንውላለን።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሲጣራ ምን እለዋለሁ? ዝም ካልሁትስ?

ቅዱስ ገብርኤል ከአጠገብሽ አይራቅ።

ገብረ ሕይወት

&nbsp;

ታምፔሬ፣ መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ ገብረ ሕይወት፣

ጤናዎ እንዴት ይዞዎታል? ራትዎን ይበላሉ ወይስ አሁንም በሻይ ያልፉታል? እዚህ ቅጠሉ ሁሉ ረግፏል። እኛም ሐይቅ ዳር ነን፤ የእኛው ግን ሊቀዘቅዝና መንገድ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ለእማዬ እንዳልረሳኋት ይንገሩልኝ።

ሲጣራ ምን እለዋለሁ ላሉኝ፦ 1 ቁጥርን ብቻ ጽፈው ይመልሱ። አንድ ማለት «አለሁ፣ አይቼዋለሁ» ማለት ነው። ዝም ካሉት ለደሞዝ ይደውላል፤ እሱም ዝም ካለ ለእኔ። የእኔን ስልክ በሚመጣው ሳምንት አስገባዋለሁ። ግን እኔ ከዚህ ሆኜ መስኮት መክፈት አልችልም፤ የማየው ቁጥር ብቻ ነው። ማንቂያው እርስዎን ካላገኘ ማንንም አላገኘም ማለት ነው።

ባላስጨንቅዎ ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ግን ይወቁት። የእነዚያ መጻሕፍት ፎቶ ሌላ ቦታ የለም። ሁለተኛው ቅጂ የሚቀመጥበት ዲስክ ገና በኅዳር በሰው እጅ ይመጣል። አበምኔቱ ደግሞ መጻሕፍቱ ዳግመኛ ከደሴቱ እንደማይወጡ ነግረውናል፤ ለፎቶ ወጥተው ሲመለሱ ጀልባው ላይ ውኃ የነካቸውን እንዴት ይርሱት? አንዱ ድርሳን ቀለሙ ታጥቦ አሁን የሚነበበው በፎቶው ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ማሽኑ አዲስ አበባ ይሂድ የሚሉ የማኅበሩ ሰዎች አሉ። እኔ ጋሼ አጠገቡ እያሉ እዚያው ይቆይ ብያለሁ።

ጸሎትዎ አይለየኝ።

ወንጌላዊት

&nbsp;

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ወንጌላዊት፣

ወርኃ ጽጌውን በሰላም ያስፈጽመን። እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ የምለው ግን ተቀምጬ አይደለም፤ እየተነሣሁ እየተቀመጥሁ ነው።

ቅዳሜ ማኅሌተ ጽጌ ነበረ። እንደምታውቂው ከምሽት ጀምሮ እስከ እሑድ ቅዳሴ ነው የሚቆመው። ሌላ ጊዜ ከሰርቨሩ ርቄ አላድርም፤ የእኔ ክፍልና የእሱ ክፍል ግድግዳ ለግድግዳ ናቸው። ስልኬን ዘግቼ ገባሁ፤ ከቤተ መቅደስ ስልክ ከፍቼ ገብቼ አላውቅም። እሑድ ስከፍተው ስድስት መልእክት። ሙቀት፣ ሙቀት፣ ሙቀት ይላል። እየሮጥሁ ሄድሁ፤ ሮጥሁ ያልሁት እንደ ዕድሜዬ ነው። በሩን ስከፍት አየሩ ፊቴን መታኝ። እንደ ልማዴ የሚነሣውን አንሥቼ፣ የሚታጠፈውን አጥፌ መስኮቱን ከፈትሁ። ቀስ እያለ በረደ። ያን ጊዜ 1 ብዬ ላክሁ። ዘግይቶ «አለሁ» ማለት ምን ይባላል?

ደሞዝን ማራገቢያ ፋኑን እይልኝ አልሁት። አየው። «ፋኑ ከእኔም ከእርስዎም ጤነኛ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ዕረፍት የለኝም። መንገድ ላይ ባጃጅ ጡሩንባ ሲነፋ እጄ ኪሴ ይገባል። ዳዊት ስደግም ስልኩን መጽሐፉ አጠገብ አደርገዋለሁ፤ ዓይኔ ከመዝሙሩ ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ መዝሙሩ ይላል። ጸሎቴን ማን እንደወሰደው እንጃ።

አዲስ አበባ ስለሚሉት ነገር ምንም አልጻፍሁልሽም። ማሽኑ ቢሄድ እኔ ምን እጠብቃለሁ?

ገብረ ሕይወት

&nbsp;

ታምፔሬ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣

በቸኮለ እጅ ነውና ሰላምታዬ ቢያጥር አይቀየሙኝ።

ቅዳሜ ደግሞ ሆነ። አሁን ለእኔም ደወለልኝ። የእርስዎ ስልክ ዝግ፣ የደሞዝም ዝግ። እማዬ ጋ ደወልኩ፤ «በዚህ ሰዓት ማን ይወጣል?» አለችኝ። ቁጥሩ ሲወጣ እያየሁ ተቀመጥኩ።

ኋላ የሙቀቱን ውጣ ውረድ በመስመር ሥዬ አየሁት። ከሰኞ እስከ ዓርብ እንደ ረጋ ውኃ ነው። ቅዳሜ ምሽት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሽቅብ ይወጣል፤ እሑድ ረፋድ ላይ በአንዴ ይወርዳል። ሁለቱም ቅዳሜ አንድ ዓይነት። ይህ የፋን በሽታ አይደለም፤ ፋን ቀን አይቆጥርም። የሰው እጅ አለበት።

ቁልፍ ያላችሁ ሁለት ናችሁ። እርስዎ በዚያ ሰዓት ማኅሌት ላይ ነዎት፤ እርስዎን ጠርጥሬ አላውቅም። ደሞዝ ግን ስልኩን ለምን ይዘጋል? በሰው ማሽን የራሳቸውን ሥራ በድብቅ የሚያሠሩ ሰዎች ገጥመውኛል፤ ማሽን እንዲያ ሲለፋ ነው የሚግለው። ለማኅበሩ ሰብሳቢ ለመሪጌታ ጥዑመ ልሳንም ጽፌላቸዋለሁ።

የክፍሉን ፎቶ አስነሥተው ይላኩልኝ። ለሚመጣው ቅዳሜ ደግሞ እባክዎ በሩ ላይ ሰው ያስቀምጡ።

ወንጌላዊት

&nbsp;

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ደብዳቤሽ በ11 ተጽፎ እኔ እጅ የገባው ሰኞ በ17 ነው። ኢንተርኔት አልነበረም። ከቅዳሜ በፊት ደርሶኝ ቢሆን ኖሮ

ይህን ልተወው።

ማሽኑ ቅዳሜ ሙቀቱ በዝቶበት ራሱን አጥፍቶ አደረ። ሰኞ ደሞዝ ከፍቶ አየው። ጎን ለጎን ከሚሠሩት ሁለት ዲስኮች አንዱ ሞቷል፤ የቀረው አንዱ ነው። እጁ ላይ ይዞት ገና ሳያስቀምጠው መሪጌታ ገቡ። የአንቺ መልእክት አዲስ አበባ ሳሉ ደርሷቸው ኖሯል። እኔም ሰብለም ቆመናል።

«ደሞዝ፣ ቅዳሜ ማታ ምን ታሠራበታለህ?» አሉት።

«በምኑ?»

«በማሽኑ። ስልክህንስ ለምን ትዘጋለህ?»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ፊታቸውን አየና ሳቁን ዋጠ። «ስልኬን የምዘጋው ሚስቴ አራስ ስለሆነች ነው። ሕፃኑ ሲተኛ ነው እሷ የምትተኛው። እንዲህ ያለውም ይከሰሳል?»

«ቁልፉን አምጣ።»

ቁልፉ ከቀለበቱ አልወጣም ብሎት ብዙ ታገለ። ወደ እኔ ዞረና፣ «ጋሽ ገብሬ፣ እርስዎ እንኳ ይናገሩልኝ እንጂ» አለ።

«እግዚአብሔር እውነቱን ያውጣ» አልሁ። እንደዚህ ነው ያልሁት። አንቺም አንብቢው።

ሰብለ የክፍሉን ፎቶ አንስታለች፤ አብሮ ይደርስሻል።

ወደ ሐይቁ እወጣለሁ፤ ጀልባዎቹ ሲገቡ ሲወጡ አያለሁ፤ እመለሳለሁ፤ ደግሞ እወጣለሁ።

ገብረ ሕይወት

&nbsp;

ታምፔሬ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እግዚአብሔር ያበርታዎት። ዲስኩን አሁን በሚመጣ ሰው እጅ እልካለሁ፤ ኅዳርን አልጠብቅም። እስኪደርስ ግን አንድ ቅዳሜ ከመጣ፣ ያ የቀረውም ከሄደ፣ ሁሉም ሄደ።

ፎቶውን አሳድጌ አየሁት። ከሰርቨሩ አጠገብ ወንበር ላይ የታጠፈ ጋቢ አለ። ጠርዙ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ክር አውቃታለሁ። እቴቴ እናትዓለም ፈትሉን ለሸማኔ ስትሰጥ «ይችን ክር አትርሳ» ስትለው አጠገቧ ነበርኩ።

በዚያ ክፍል ማንም አይተኛም። ጋሼ፣ ጋቢው እዚያ ምን ይሠራል?

ወንጌላዊት

&nbsp;

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ወንጌላዊት፣

ሰላምታውን ወደ መጨረሻ አድርጌዋለሁ። ይህን ሳልጽፍ ሰላም ብል ሐሰት ይሆንብኛል።

ያለበስሁት እኔ ነኝ።

መጽሐፍ ሳይሸፈን ሜዳ ላይ አይጣልም። ዳዊት ማኅደር አለው፤ ወንጌል መጎናጸፊያ አለው፤ ያነበበው ሰው አልብሶት ነው የሚሄድ። እኔ እዚያው ሳለሁ ግድ የለም፤ እኔ አለሁ። በጽጌ ግን አዳሬ ከቤተ ክርስቲያን ነውና ያን ሁሉ መጽሐፍ ራቁቱን ትቼ መውጣት ከበደኝ። ጋቢውን አጥቤ፣ አራት አጥፌ፣ ከላይ እስከ ታች አለበስሁት። እሑድ ስመለስ መጀመሪያ የማደርገው እሱን ማንሣት ነበር። ትኩሱን ጋቢ በእጄ ታቅፌ «ሙቀቱ ከየት መጣ?» እያልሁ ክፍሉን እዞር ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነው ጠባቂሽ።

ደብዳቤሽን ሰኞ ሳነብ «እሑድ ረፋድ ላይ በአንዴ ይወርዳል» ካልሽው ስደርስ ገባኝ። የገባኝ መሪጌታ ቁልፉን ከመቀበላቸው በፊት ነው። በኋላ ቢሆን ኃጢአቴ ያንስ ነበር።

ለምን ዝም አልሁ? ለመጽሐፍ ክብር ብዬ ነው ብል ሰው ይምረኝ ነበር፤ እንዲያውም የሚያመሰግነኝ አይጠፋም። ያ ነው ያስፈራኝ፣ ሙሉው እውነት አይደለማ። ሙሉውን ለንስሐ አባቴም በግማሽ ነው የነገርሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት በጥቅምት እናትዓለምን ወባ ያዛት። ቅዳሜ ነበረ። «በረደኝ» አለችኝ። ይህንኑ ጋቢ፣ ለእኔ ብላ የፈተለችውን፣ እስከ አንገቷ አልብሼያት «እስክመለስ ተኚ» ብያት ማኅሌት ሄድሁ። ልትጠራኝ ብትፈልግ ስልኬ ዝግ ነው። እሑድ ስመለስ ጋቢው ከእሷ እኩል ይፋጃል። ማክሰኞ አረፈች። ነርሷ «ያተኮሰውን ሰው አያለብሱትም፣ አባቴ» አለችኝ፤ ለወቀሳ አይደለም፣ ለሌላ ጊዜ እንዳውቅ ብላ ነው። ሌላ ጊዜ ከየት ይመጣል? ብዬ ነበር። ይኸው መጣ፤ አሁንም አልብሼ ሄድሁ።

ጋቢውን ከዚያ ወዲህ አልለበስሁትም፤ ለነዳያንም አልሰጠሁትም። ለመጽሐፍ ሳለብሰው የተካሰ መስሎኝ ይሆን? ራሴን እጠይቀዋለሁ፤ አይመልስልኝም።

ቅዳሜ ዕለት አላለበስሁትም። ማኅሌትም አልሄድሁም፤ በሩ ላይ ወንበር አድርጌ ተቀመጥሁ። ማሽኑም ዝም፣ ስልኩም ዝም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደሞዝን ከቤቱ ጠርቼ፣ መሪጌታና ሰብለ ባሉበት ተናገርሁ።

መሪጌታ፣ «ገብረ ሕይወት፣ ታቦት መሰለህ?» አሉኝ።

«የለም አባቴ፣ መጽሐፍ መሰለኝ።»

ደሞዝ፣ «እኔ በካልሲዎ ስስቅ ጋቢው አመለጠኝ» አለ። ግን አልሳቀም። «ሰኞ ዕለት፣ ቁልፉን ስሰጥ፣ ያውቁ ነበር?» አለኝ።

«አውቅ ነበር።»

ቁልፉን ከመሪጌታ እጅ ተቀብሎ ሄደ። ደህና ይዋሉ አላለኝም።

ቁጥሬን ከማንቂያው አውጪው። ማሽኑንም አዲስ አበባ ይውሰዱት ካሉ አፌን አልከፍትም። ይህን ወረቀት ሰብለ ፎቶ ስታነሣ ታነበዋለች፤ ታንብበው።

አሁን እንግዲህ ሰላም ልበልሽ። ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ ልጄ።

ገብረ ሕይወት

&nbsp;

ታምፔሬ፣ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎ ጋሼ፣

አንድ ሳምንት ዝም አልኩዎ። ኢንተርኔቱ አይደለም፤ በእኔ በኩል አልጠፋም ነበር። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት።

እኔም የምናዘዘው አለኝ። መስመር አይቼ በሰው ፈረድኩ። ደሞዝን አንድ ቀን «ስልክህን ለምን ትዘጋለህ?» ብዬ ብጠይቀው ኖሮ «አራስ አለችኝ» ይለኝ ነበር። አልጠየቅኩትም፤ ለመሪጌታ ጻፍኩ። ይቅርታ ልኬለት የመለሰልኝ አንድ መስመር ነው፦ «ከእንግዲህ ቅዳሜ ስልኬን አልዘጋም፤ ሕፃኑ ይልመደው።»

ዲስኩ ደርሶ ደሞዝ ገጥሞታል። ቅጂው ትናንት አልቋል፤ ያ ቀለሙ የታጠበው ድርሳንም በሁለት ቦታ አለ። መሪጌታ ማሽኑ ባሕር ዳር እንዲቆይ ፈቅደዋል። «ጥፋተኛው ታውቆ ማሽኑ ሌላ ቦታ ምን ፍለጋ ይሄዳል?» ነው ያሉኝ።

ቁጥርዎን አላወጣሁትም። አላወጣውምም። ለበሩ የቀረቡት እርስዎ ነዎት። ስለ ማልበሱ ደግሞ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ትርጉሙን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ክፍሉን እንደ ማኅደሩ ይዩት። በሩን ሲዘጉ አለበሱት ማለት ነው። ማሽኑን ግን አየር ይንካው።

ስለ እቴቴ ልጽፍ አስቤ አልቻልኩም። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ የቀደድኩት እዚህ ላይ ነው።

አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ትናንት እሑድ ጠዋት ከእርስዎ ስልክ 1 ደረሰኝ። ማንቂያ አልነበረም። መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አየሁ፤ ማሽኑ ደህና፣ መብራቱ ደህና። ምን ሆነው ነው? እባክዎ ይጻፉልኝ።

ወንጌላዊት

&nbsp;

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ወንጌላዊት፣

ነገ ቁስቋም ናት፤ ጾመ ጽጌው ዛሬ ያበቃል። እንኳን አደረሰሽ። እናትሽ «ልጄ ደወለችልኝ» አለችኝ፤ ከሁሉ ይህ ደስ አለኝ።

አላመመኝም። ልንገርሽ።

ቅዳሜ ማኅሌቱ የዘንድሮው የመጨረሻ ነበረ። አልሄድም ብዬ በሩ ላይ ተቀምጬ ሳለ ደሞዝ ሳልጠራው መጣ። ከእሑዱ ወዲህ ቃል አልተነጋገርንም ነበር። ቁልፉን በጣቱ እያዞረ፣ «ዛሬስ ማን ነው የሚያለብሰው? እርስዎ ወይስ እኔ?» አለኝ።

«ማንም አያለብስም።»

«እንግዲያ ጋቢውን ይልበሱትና ይሂዱ። ብርድ ነው። እዚህ እኔ አለሁ።»

ከውስጥ ካለው ወንበር አንሥቶ ትከሻዬ ላይ ጣለው። እኔ ብሆን አላነሣውም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ እጄ ላይ ብቻ ነበር የማውቀው፤ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ከባድ ነው፣ ጥሩ ፈትል ነው።

መሪጌታን ስልኬን ከፍቼ ልግባ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። «ድምፁን አጥፍተህ በደረትህ ያዘው» አሉኝ። ጋቢው ውስጥ በደረቴ ይዤው ቆምሁ። አልተጣራም። እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ወጥቼ ወደ ሐይቁ ወረድሁ፤ አውጥቼ አየሁት፣ ምንም የለም። ያን ጊዜ ነው 1 ብዬ የጻፍሁት።

ስለ ማሽኑ አልነበረም። አለሁ ማለት ፈልጌ ነው። ሦስት ዓመት የዘገየ ነው፤ የሚገባትም ጋቢውን የፈተለችው ናት። ሌላ የምልክበት ቁጥር ግን አልነበረኝም።

ገብረ ሕይወት